የጽዋው ማደሪያ

«ቤተሰብ የለበትም። ከኋላ ያለችው ተከራይ ናት፤ ልቀቂ ስትባል ትለቃለች።»

ፈንታዬ ይህን የሰማችው በጓሮ፣ በተተረተረ ማዳበሪያ ላይ ያሰጣችውን ጌሾ ስታገላብጥ ነበር። የተናገረው ወንድሟ ሙሉቀን ነው። ድምፁ የመጣው ከትልቁ ቤት ማዕዘን ወዲያ፣ የውኃ ታንከሩ ካለበት በኩል ሲሆን፣ አብሮት ያለው ሰው ደግሞ ጌቾ የሚሉት ደላላ ነበር። ጌቾን በሳቁ አወቀችው፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ሲያልፍ ይህ ሳቁ ቀድሞት ይሰማል። «እሱ ነው ዋናው» አለ ጌቾ። «ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የቤተሰብ ጣጣ አለበት ወይ እያለ ነው። ቤቱን አይቶ፣ ወዶ፣ ሊዋዋል ሲል አንዲት አክስት ከጓዳ ብቅ ትልና ድርሻዬ ትላለች።» ሳቀ። ሙሉቀን አልሳቀም። «ሰርቪሷ ስንት በስንት ናት?» ሲለው «ሦስት በአራት» ብሎ መለሰ። ከዚያ ጌቾ ከሰዓት በኋላ ገዢውን ይዞ እንደሚመጣ ተነጋገሩና የግቢው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ፈንታዬ ማገላበጧን አላቆመችም። ጌሾ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥበት ከያዘ ይሻግታል፤ ስለዚህ ቅጠሉን ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰበች፣ የመሐሉን ወደ ዳር እየበተነች ቀጠለች። እፍኝ አንሥታ ጨበጠችው። ተሰባበረ፤ ግን ግንዱ ገና ነበር። ሌላ ጊዜ እንዲህ አድርቃ የምትወስደው ለገበያ ነው። ይኼኛው ግን የሚሸጥ አልነበረም። ይኼኛው ለኅዳር ሚካኤል ጠላ ነው። የምትጠጣበት ማኅበር በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ይሰበሰባል፤ ዛሬ ጥቅምት አሥራ ሁለት በወለተ ኪዳን ቤት ይጠጣና፣ ጽዋው ደግሞ የፈንታዬ ተራ ስለሆነ ወደ እሷ ይዞራል። ጽዋው በአንድ ሰው ቤት አንድ ወር ያድራል። ወሩ ሲሞላ ማኅበረተኛው ጽዋው ወዳለበት ይመጣል፤ ይጸለያል፣ ይቆረሳል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከዚህ በፊት ተራዋ ሲደርስ አሳልፋለች። አንዴ የወንድሜ እንግዶች አሉ ብላ፣ አንዴ አሞኛል ብላ። ዘንድሮ ግን ክፍሏን በነጭ ኖራ ቀብታ፣ የደጃፉን ሲሚንቶ ፍቃ፣ ጌሾዋን አስጥታ ነበር።

አሁን ይህን ሁሉ ከሰማችው ጋር ማገናኘት ነበረባት። ሰገነት፣ የሙሉቀን ሚስት፣ ልጆቹን ይዛ ባሕር ዳር የገባችው በመስከረም መጀመሪያ ነው፤ ለትምህርታቸው ተባለ። የሳሎኑ ትልቅ ቁም ሳጥን በአይሱዙ ተጭኖ ሲወጣ ለጥገና ነው ተባለ። የልጆቹ አልጋ ሲወጣ ግን ምንም አልተባለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁሉንም በዓይኗ አይታው ነበር። ተራ በተራ አይታው፣ ተራ በተራ የተሰጠውን ምክንያት ተቀብላ፣ አንዱን ከአንዱ ሳትገጥመው ቆይታ ነው እንጂ።

ክፍሏ አንድ በርና አንድ መስኮት አላት። መስኮቱ የሚያየው የአጥሩን ብሎኬት ነው። አልጋ፣ የጣውላ ሳጥን፣ አንድ በርጩማ፣ በግድግዳው ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ከበሩ ጀርባ ባለ ሚስማር ላይ ነጠላ። ባሏ አድማሴ ካረፈ በኋላ ዲማ ያለው ቤት ለፊተኛ ሚስቱ ልጆች ሆነ። አላባረሯትም፤ ስትገባ ቀና ብሎ የሚያያት ሰው ሲጠፋ ራሷ ወጣች። ያን ጊዜ ሙሉቀን ዲማ ድረስ ሄዶ፣ ሳጥኗን በራሱ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ይህን በር ከፍቶ «እንግዲህ ቤትሽ ነው እታለም» አላት። እውነቱን ነበር። ፊቱ ላይ ያየችው እውነት ነበር። ግን አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚባለውን «ቤት ለእምቦሳ» ያላት ሰው አልነበረም፤ ቤቱ አዲስ ስላልነበረ ይሆናል። ከዚያም ወዲህ በሩን አንኳኩቶ የገባ ሰው የለም። ከትልቁ ቤት የሚፈልጓት እንደሆነ በጓሮ በር ብቅ ብለው ይጠሯታል፤ እሷም ትወጣለች። በዲማ ግን ማታ ማታ የቅኔ ተማሪዎች ደጇ ላይ ቆመው ስለ ማርያም ይሏት ነበር። ከሁሉ የሚናፍቃት ያ ነው። የቤቱ ስፋት አይደለም፤ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ከውስጥ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ።

ረፋዱ ላይ ሙሉቀን ስልኩን እየነካካ ወደ ጓሮ መጣ። የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ አለውና ቅዳሜ እንዲህ ያለ ሰዓት ቤት አይገኝም ነበር።

«ደረቀ ጌሾው?» አላት።

«እየደረቀ ነው።»

«ዘንድሮ ተወዷል አሉ።»

«ተወዷል። ምን ያልተወደደ አለ። ጧፍ እንኳ አሥር ብር ገባ።»

«ሲሚንቶን አላየሽ!» አለ። እግሩ አጠገብ የወደቀ የጌሾ ቅጠል አንሥቶ አሽቶ አሸተተ። «ዛሬ ማኅበር አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ተጫወቺ። አትቸኩዪ።»

«እሺ።»

ሌላ የሚለው ያለ ይመስል ጥቂት ቆመ። እሷም የምትለው ነበራት። ተከራይ ነኝ ወይ ልትለው ነበር፤ ግን ፊቱን ስታይ ጉንጮቹ ጎድጎድ ብለው፣ የአንገቱ ኮሌታ ሰፍቶት አየችው። ሰገነት ከሄደች ወዲህ ምሳ የሚበላው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነው። «ጠዋት የተረፈ ሽሮ አለ፤ ላሙቅልህ?» አለችው። «በልቻለሁ» አለ። አልበላም ነበር።

ወደ ወለተ ኪዳን ቤት የሄደችው በእግሯ ነው። ባጃጆቹ አጠገቧ ቀዝቀዝ እያሉ ጡሩምባ ይነፉላታል፤ በእጇ እለፉ እያለች ትመልሳቸዋለች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ታዘጋጅ ነበር። ጽዋውን ከተቀበለች በኅዳር አሥራ ሁለት ማኅበሩ መጥቶ የሰው በር ያንኳኳል፤ እሷ የት እንደምትሆን አይታወቅም፤ ጽዋውን በከረጢት ይዛ የኪራይ ቤት ስትፈልግ መታየት ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። አሁንም ካሳለፈች ግን ይህ የመጨረሻዋ ይሆናል። ማንም አያስወጣትም፤ ስሟም ይኖራል፤ ተራዋ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ እንዳላየ ሆኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እንዲህ የሚታለፉ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ጥግ ይዘው ጠጥተው ይሄዱ ነበር።

የወለተ ኪዳን ቤት ጠባብ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ቄስ ዘማርያም ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው፣ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጽዋው የሸክላ ነው፤ አንገቱ አጠር፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ከዳሩ ትንሽ የተሸረፈ፣ ቀይ ከፋይ ልብስ ያለው። ጨዋታው ሞቅ ብሎ ነበር። አንዷ የሉማሜ ዘመዶቿ ሠርግ ላይ ምግቡ አልቆ ሙሽራው ራሱ ጾሙን እንዳደረ ስታወራ ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈንታዬም ሳቀች፤ ግን የደረሳትን ዳቦ ሳትበላው በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው። በመጨረሻ የማኅበሩ ሙሴ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ተነሡ። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩን ሥርዓት የሚመራው ሰው ነው፤ እማሆይ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። ጽዋውን በከፋዩ ሸፍነው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው እንደ ሁልጊዜው ጠየቁ።

«ጽዋውን ማን ያሳድራል?»

ተረኛው «እኔ አሳድራለሁ» ነው የሚለው። ፈንታዬ ተነሥታ ቆመች። ሁሉም እልል ሊሉ አፋቸውን አዘጋጅተው ነበር።

«ይለፈኝ፣ እማሆይ።»

ወለተ ኪዳን የያዘችውን ማሰሮ ወደ መሬት አወረደች።

«ለምን?» አሉ እማሆይ። እጃቸውን አላወረዱም።

«ቤት የለኝም።»

«ቤት ማን ጠየቀሽ?»

ፈንታዬ የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች።

«ምን ብዬ ነው የጠየቅሁ? ማን ያሳድራል ነው ያልሁ። ቤት ያለሽ ብዬ ከሆነማ እኔስ ምን አፍ አለኝ፤ የምተኛው መቃብር ቤት ውስጥ አይደለም እንዴ? ዛሬ የት ነው የምታድሪ?»

«እዚያው… ወንድሜ ግቢ።»

«በርግጥ?»

«ዛሬማ እዚያው ነኝ።»

«እንግዲያው ጽዋውም ዛሬ እዚያው ይደር። የነገውን ነገ ይጠይቅሽ።»

ቄስ ዘማርያም ጺማቸውን እያሻሹ «እመቤታችንም ቤተ ልሔም የደረሰች ጊዜ ማደሪያ ለመነች እንጂ ቤት ሽጡልኝ አላለች» አሉ። አንዷ «አዬ አባ፣ በዛሬ ዋጋማ ግርግሙንም አትችለው!» ስትል ሳቁ እንደገና ተነሣ። በሳቁ መሐል እማሆይ ወደ ፈንታዬ አንድ እርምጃ ቀረቡና ጽዋውን ዘረጉላት። ልትቀበለው ወስና አልነበረም። እጆቿ ናቸው የተቀበሉት። የከፋዩ ልስላሴና ከሥሩ ያለው የሸክላው ቅዝቃዜ አንድ ላይ መዳፏ ውስጥ ገባ። «እኔ አሳድራለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ እልልታው ሸፈነው።

ጽዋው ብቻውን አይሄድም፤ ማኅበሩ እስከ ደጅ ይሸኘዋል። ፀሐይ ዘንበል ስትል በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ወጡ፤ ፈንታዬ ጽዋውን ይዛ ከፊት፣ እማሆይ በሰው ትከሻ ተደግፈው ከኋላዋ። መንገደኛው ቆሞ ያማትባል። የግቢው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ሲታያት ፈንታዬ ሙሉቀን በ«አትቸኩዪ» የቀጠረላት ሰዓት ገና እንዳላለቀ ትዝ አላት። ግን እልልታው ከኋላ ይገፋት ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ተረኛው ቀድሞ ይገባል፣ ሙሴው ከውጭ ቆሞ ማደሪያ ይለምናል፣ ተረኛው ከውስጥ ይመልሳል። ጽዋውን ለእማሆይ መለሰችላቸውና ትንሿን መግቢያ በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

ግቢው መሐል ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ጌቾ የብረት ሜትር ዘርግቶ የአጥሩን ርዝመት ይለካል። አጠገቡ ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት አብዱልቃኒ፣ ነጭ ቆብ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ሙሉቀን ከእልልታው የተነሣ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረና ሳያስበው ጮኸ።

«እታለም! ምንድን ነው ይሄ?»

ጌቾ የያዘው ሜትር አምልጦት ተጠቅልሎ ገባ። አብዱልቃኒ ሙሉቀንን አዩ፣ ከዚያም ፈንታዬን።

«እህትህ ናቸው?»

«አይ፣ እንዲሁ በአክብሮት ሲጠሯቸው ነው» አለ ጌቾ ፈጠን ብሎ። «የነገርኩዎት ተከራይ ናቸው።»

ያን ጊዜ ከውጭ የእማሆይ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ አለ!»

ፈንታዬ በትልቁ ቤትና በክፍሏ መካከል ቆማ ነበር። መልሱን ታውቀዋለች፤ በዲማ ሳለች ስንት ጊዜ መልሳዋለች። እዚህ ግን መልሱን ለመስጠት ሦስት ሰዎች ፊት፣ ያውም የማን ቤት እንደሆነ በሚለካበት ሰዓት፣ ከውስጥ ያለች ሰው መሆን ነበረባት። ሙሉቀን መሬት መሬት ያያል። እማሆይ ደግመው ጠሩ። በሦስተኛው መልስ ካልተገኘ ጽዋው ይመለሳል።

«ይደር!» አለች ፈንታዬ። ድምፅዋ ተሰበረና እንደገና ጠነከረ። «ይደር፤ ማደሪያ አለው!»

በሩ ወለል አለና እልልታው ግቢውን ሞላው። አብዱልቃኒ ወደ ዳር ቆመው መንገድ ለቀቁ። እማሆይ አጠገባቸው ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ማነው ተከራይ ሲል የሰማሁት?»

ጌቾ ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ለመክተት ታገለ። እማሆይ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ሙሉቀን ወዳለበት አቀኑ፤ ይዩት አይዩት አይታወቅም። የሙሉቀን ጆሮ ቀላ። ፈንታዬ ይህን ጆሮ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆኖ ሲዋሽ እንዲሁ ይቀላ ነበር፤ ያን ጊዜም እናታቸው ፊት ቀድማ የምትናገርለት እሷ ነበረች።

«እኔ ነኝ እማሆይ» አለች። «ተከራይ ነኝ። ጽዋው ደጅ አይቁም፤ ይግቡ።»

«አዬ ልጄ፣ ተከራይማ ማን ያልሆነ አለ!» አሉ እማሆይ። «እኔ ይኸው ሰማንያ ዓመቴ፤ ባለቤቱ ታገሠኝ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ኪራይ አልከፈልኩ!» ሴቶቹ ሳቁ። አብዱልቃኒም ፈገግ አሉ፤ ከዚያም ወደ ሙሉቀን ቀረብ ብለው በዝቅታ «እንግዳ ገብቶባችኋል፤ እኛ እንሂድ» አሉት። ሙሉቀን በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ክፍሏ ሁሉንም አልያዘችም። ገሚሶቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ነው ጸሎቱ የተደረሰ። ጽዋውን ባላት አንድ በርጩማ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ፣ ከሥዕሉ ሥር አሳረፈችው። ሁሉም እየተሳለሙ በሰላም ያድርሰን እያሉ ሄዱ። ፈንታዬ ጌሾውን ከጤዛ በፊት ከጓሮ አስገብታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጽዋውን ስታየው ቆየች። ሰው ያለበት ክፍል መሰላት። በርጩማውን እንግዳ ስለያዘው ቀስ ብላ ነበር የምትንቀሳቀስ።

መሽቶ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያዳግት ከደጅ ኮቴ መጥቶ ቆመ። በጓሮ በር የሚጠራት ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። ኮቴው ደጃፏ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ቤቶች!»

ሙሉቀን ነበር። ፈንታዬ ድምፁን አውቃዋለች፤ ቢሆንም ለማያውቁት እንግዳ እንደሚመለስ መለሰች።

«ይግቡ።»

ጎንበስ ብሎ ገባ። ቁልፉን ከሰጣት ቀን ወዲህ ገብቶ አያውቅም። ኖራውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ መስኮቱ የሚያየውን ብሎኬት አየ። ወደ ጽዋው ሄዶ የከፋዩን ጫፍ ተሳለመና የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣ። ፈንታዬ አልጋው ላይ ፈቀቅ አለችለት። ተቀመጠ። ሁለቱም ወደ ጽዋው ነበር የሚያዩት።

«ድግሱ ለኅዳር ሚካኤል ነው?»

«አዎ።»

«አብዱልቃኒን ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ይምጡ ብያቸዋለሁ።»

እሷም በዚህ ውስጥ ያለውን ሁለቱንም ነገር ሰማች፤ የተሰጣትን ወርና ከወሩ በኋላ ያለውን። ስለ ሁለተኛው አልጠየቀችም።

«እህቴ ናት አልኳቸው፤ ስሸኛቸው» አለ።

«እሳቸውስ?»

«ስትጠራቸው ሰምቻለሁ አሉኝ።»

ፈንታዬ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ አንዱን ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀብሎ በላ፤ እንደ ራበው ሰው ነበር የበላው። ከጨረሰ በኋላ ጉልበቱ ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ እየለቀመ «ሳሎኑን አስጠርገዋለሁ፤ ድግሱን እዚያ አድርጊው። ሰው ይበዛል፣ እዚህ አይበቃችሁም» አላት።

«ጽዋው ያደረው እዚህ ነው» አለች። «ይበቃናል።»

ሙሉቀን ክፍሏን በዓይኑ ለካት። ሦስት በአራት መሆኗን ያውቃል። ተነሣና ወደ በሩ ሄደ። ደፉን ሊሻገር ሲል ግን የረሳው ነገር እንዳለው ሰው ዞረ፤ ፊቱ በጨለማው ምክንያት አይታይም ነበር።

«እታለም።»

«አቤት።»

«ቤት ለእምቦሳ።»

መልሱ የሚወጣው ከቤት ባለቤት አፍ ነውና፣ ፈንታዬ ቃሉን ብታውቀውም ልቧ ጊዜ ወሰደ። ሙሉቀን ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«እምቦሳ እሰር» አለችው።